ከፔቲዲኑ ጎን የወጣው ነጠብጣብ

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ከላቦራቶሪያችን ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት በዘጠኝ ሰዓት ስለሚለቀቅና የልጆቹ ጫጫታ ለጥቂት ደቂቃ ክፍሉን ስለሚሞላው ነው። ያን ጫጫታ እጠብቀው ነበር። ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ከገባሁ በኋላ እስከ ማታ ከማንም ጋር ሳልነጋገር የምውልበት ቀን ብዙ ስለነበር፣ የማላውቃቸው ልጆች ድምፅ እንኳ ወዳጅ ይመስለኝ ነበር።

ጫጫታው ሳያባራ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ገባ። ከከተማው ማዶ ካለ ሆስፒታል የመጣ ነው፤ የሠራተኛ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ። ከኪሱ በጥጥ የተጠቀለለ ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመው። ብልቃጡ ውስጥ የሰው ደም አለ።

«ጓዲት፣ ኬሚስቷ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አንዲት የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ተረኛ ሆና ሳለች ወንበር ላይ ተዝለፍልፋ ተገኘች። ከመድኃኒት ሣጥኑ ደግሞ ፔቲዲን ጎድሏል። ደሟን እዚያው አስቀድተናል። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንሰበሰባለን። ከተገኘባት ለሚመለከተው እናስረክባትና እንገላገላለን።»

«ካልተገኘስ?» አልኩት።

«አንቺ ፈልጊ እንጂ!» ብሎ ሳቀና ወጣ።

ፔቲዲን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው። እንደ ሞርፊን ከተክል አይወጣም፤ ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል ይሠራል። እንደ ሞርፊን ግን ሕመምን ያደነዝዛል፤ እንደ ሞርፊንም የለመደውን ሰው አይለቅም። የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በዚያን ዘመን የአንድ የመርፌ አምፑል መጉደል ሌብነት ብቻ አይባልም፤ አሻጥር ይባላል። አሻጥር የሚለው ቃል ከተለጠፈበት በኋላ ደግሞ ሰው የሚያጣው ሥራውን ብቻ አልነበረም። ይህን እኔም፣ ሰብሳቢውም፣ ነርሷም እናውቃለን።

ጉለሌ ወዳለው ወደዚህ ላቦራቶሪ የመጣሁት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ተመድቤ ነው። ሸጎሌ አካባቢ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጎህ ሲቀድ ወደ ገበያ የሚነዱት በሬዎችና በጎች በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ፤ ከኮቴያቸው በቀር ቀኑ መጀመሩን የሚነግረኝ አልነበረም። እሑድ ያልቆሸሸ ልብስ አጥብ ነበር። በላቦራቶሪው ውስጥ አራት ነን፤ አለቃችን፣ አንድ ወጣት ቴክኒሺያን፣ ዕቃ የሚያጥቡት እናትና እኔ። መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ሲቀርቡ «ነይ እንጂ፣ ቅመሺ» ይሉኝ ነበር። «በልቻለሁ» እላለሁ። አልበላሁም። ጥቂት ቆይተው መጥራቱን ተዉት። «በልቻለሁ» ያልኩት እኔ፣ ባለመጠራቴ ያዘንኩትም እኔ ነኝ።

ሥራው ግን ይስማማኛል፤ ዝምታ ይፈልጋልና። ደሙን ኤተር ከሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ጋር በቀስታ እንቀላቅለዋለን፤ በደሙ ውስጥ መድኃኒት ካለ ወደ ኤተሩ ይሸሻል። ኤተሩን በሞቀ ውሃ ላይ እናተነዋለን። ከቱቦው ሥር የሚቀረው ዓይን የማያየው ቅሪት ነው። ያን በጠብታ አልኮል አሟሙተን፣ ነጭ ዱቄት በስሱ የተቀባ መስታወት ግርጌ ላይ እንደ መርፌ በቀጠነ ቱቦ እናሳርፈዋለን። ከጎኑ ከአምፑል የተወሰደ እውነተኛ ፔቲዲን፣ ከወዲያ ደግሞ ምንም የሌለበት ደም ቅሪት እናሳርፋለን። መስታወቱን ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ስናቆመው ፈሳሹ በዱቄቱ እየተሳበ ይወጣል፤ መድኃኒቶቹንም እያንዳንዳቸውን የየራሳቸው ከፍታ ድረስ ይዟቸው ይወጣል። በመጨረሻ ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል ይረጫል። በሰው ደም ውስጥ ያደረ ምስጢር ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል።

ረቡዕ ማታ ቅሪቱን አዘጋጅቼ፣ ሐሙስ ጠዋት መስታወቱን ረጨሁት። ቴክኒሺያኑ ከኋላዬ መጣ። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ዩኒቨርሲቲ» ነበር የሚለኝ።

«ዩኒቨርሲቲ፣ ምን አጠመድሽ?»

«ገና አልደረቀም።»

«ኧረ ደርቋል!» አንገቱን አሰገገ። «ኤዲያ! አለቀላት በቃ። እይው፣ መንታ እኮ ናቸው!»

እውነቱን ነው። ከፔቲዲኑ ጎን፣ በነርሷ ደም ረድፍ ላይ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ቀለም ሌላ ነጠብጣብ ወጥቷል። ምንም በሌለበት ደም ረድፍ ላይ ምንም የለም። ቴክኒሺያኑ እየሮጠ አለቃችንን ጠራው። አለቃችን ጸጉሩ የሸበተ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ለእኔም ክፉ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መስታወቱን አየ፤ ተመለሰና ስልኩን አነሳ።

«ጋሼ፣ አንዴ ልድገመው» አልኩ። እሱ ግን ቁጥር እያዞረ ነበር። «አዎ ጓድ፣ ተገኝቷል። ጽሑፉ ነገ ይደርስዎታል» ሲል ሰማሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ የበር ዘበኛው ሴት እንደምትፈልገኝ ነገረኝ። እኔን ሰው ፈልጎኝ ስለማያውቅ የተሳሳተ መሰለኝ። በሩ ላይ ነጠላ የተከናነበች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ከፍ ያለ ሴት ቆማለች።

«እቺ ናት ደም መርማሪዋ» አላት ዘበኛው።

«አንቺ ነሽ እህቴ? እንዴት ያለሽ ልጅ ነሽ!» አለችኝ። «እኔ እኮ በሐሳቤ የመጣው መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነው።»

ማን እንደሆነች ገባኝ። «ውጤት መናገር አይፈቀድልኝም» አልኳት።

«አልጠይቅሽም። ሁለት ፈረቃ አከታትዬ ሠራሁ። በዚያ ላይ ጾም ይዣለሁ። ወንበር ላይ ቁጭ ስል እንቅልፍ ጣለኝ። ይኸው ነው። ይህን ብነግራቸው ‹ደምሽ ይናገራል› አሉኝ። ይናገር። ግን አንቺ እንዳትቸኩዪበት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አልኳት።

«ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ለሌላ ሰው ነው የምሠራው» አለች፤ ሌላም የምትለው ነበራት፤ ተወችውና ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁል ወረደች። የአለቃችን ስልክ ከተደወለ ግን ሰዓታት አልፈው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የሠራተኞች የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነው። ሁሉም ወደ አዳራሹ ሄዱ፤ እኔ አስቸኳይ ሥራ አለባት ተብሎ ቀረሁ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሁለቱን ነጠብጣቦች ሳይ ቆየሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን «ማነጻጸሪያችሁ ናሙናው የሄደበትን መንገድ ሁሉ ካልሄደ ማነጻጸሪያ አይደለም» ይለን ነበር። የእኔ ማነጻጸሪያ የትኛውን መንገድ ሳይሄድ ቀረ? ምንም የሌለበት ደም ከደም ባንክ የመጣ፣ በትልቅ አዲስ ጠርሙስ የተቀመጠ ነው። የነርሷ ደም የመጣው ግን በብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ደግሞ የእኛው ነው።

እነዚያን ብልቃጦች አገር ያውቃቸዋል፤ የፔኒሲሊን መርፌ ባዶ ብልቃጦች ናቸው። አዲስ የናሙና ዕቃ ከውጭ መግባት ሲያቆም አለቃችን አንድ ዘዴ አመጣ። ባዶዎቹን ከየመርፌ ክፍሉ እያስሰበሰበ ያሳጥባል፣ ያስቀቅላል፣ መልሶ ለሆስፒታሎች ደም መቅጃ ይልካል። የውጭ ምንዛሪ አዳነ ተብሎ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል። እጥበቱን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ብልቃጡ ይቀቀላል፤ የጎማ ክዳኑ ግን አይቀቀልም። ጎማ ሲፈላ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይለቀለቃል።

ተነስቼ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። አንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ያልለቀቀ ወረቀት ቀርቶበታል። ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ይላል። ፕሮኬይን ማደንዘዣ ነው፤ መርፌው ሲገባ እንዳያም ከፔኒሲሊኑ ጋር ያዋህዱታል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፕሮኬይን ከደም ወደ ኤተር እንደ ፔቲዲን ይሸሻል። በምንረጨው ኬሚካል ሰማያዊ ይሆናል። ከፍታውስ? የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌን ገለጥኩ። እኛ በምንጠቀምበት ፈሳሽ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት፤ ዓይን የሚለያቸው አይደሉም።

ይህ ገና ጥርጣሬ ነው። ማረጋገጫው መድኃኒት ያልነካው ደም በብልቃጡ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የደም ባንኩን ደም ጠዋት ጨርሼዋለሁ። የቀረው የእኔ ብቻ ነው። በግራ እጄ ራሴን ለመቅዳት ሞከርኩና ደም ሥሩን ሳትኩት። በዚህ መሐል ቴክኒሺያኑ ሲጋራ ሊያጨስ ከክበቡ ሾልኮ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ራስሽን ልትገድዪ ነው እንዴ?»

«ደም ፈልጌ ነው። ቅዳልኝ።»

«ከአንቺ ደም ይወጣል ወይስ ቀለም?» አለ። ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰካና እጁን ታጠበ። ክንዴን አሰረ፤ በሁለት ጣቱ ደም ሥሩን ፈለገ። ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አመመሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ገና እኮ መርፌውን አላስገባሁም!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ስስቅ ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ደሙን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን በአዲስ ቱቦ፣ ግማሹን ከቁምሳጥኑ በወሰድኩት ብልቃጥ አደረግኩ። ብልቃጡን ደሙ ጎማውን እንዲነካ አጋድሜ ሁለቱንም በሞቀ ውሃ ላይ አኖርኳቸው። ከዚያ ኤተሩ፣ ትነቱ፣ መስታወቱ እንደ ደንቡ። ቴክኒሺያኑ ወደ ክበቡ አልተመለሰም። ሁለታችንም ፈሳሹ በዱቄቱ እየተሳበ ሲወጣ ቆመን አየን። ረጨሁት።

በቱቦ የቆየው ደሜ ረድፉ ላይ ምንም አላወጣም። በብልቃጥ የቆየው ደሜ በፔቲዲኑ ከፍታ ሰማያዊ ነጠብጣብ አወጣ።

«አንቺም አለብሽ!» አለ ቴክኒሺያኑ። ሊቀልድ ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ ሳቁ ጠፋ። «ታዲያ እስከ ዛሬ...» አለና ዞሮ ቁምሳጥኑን አየ።

አንድ ነገር ይቀረኝ ነበር። ከነርሷ ቅሪት የተረፈችው ቱቦው ሥር ያለች አንዲት ጠብታ ብቻ ናት። ፕሮኬይንን ቢጫ የሚያደርግ፣ ፔቲዲንን ግን የማይነካ ሌላ ኬሚካል አለ። ጠብታዋን በዚያ ካዋልኳት ለሌላ ምርመራ የሚተርፍ ምንም አይኖርም። ጥቂት አመነታሁና ሌላ መስታወት ላይ አሳረፍኳት። ነጠብጣቡ ወጣ፤ ጥርት ያለ ቢጫ ነው። ከጎኑ ያለው እውነተኛ ፔቲዲን ነጭ ዱቄት ውስጥ ተደብቆ ቀረ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ቢጫው የሚናገረው ፕሮኬይን መኖሩን ነው። ከሥሩ ፔቲዲን ተደብቆ ከሆነስ? ሰማያዊው ነጠብጣብ የሁለቱ ድምር ቢሆንስ? የሚያውቅ የለም፤ ደሙም አልቋል። ሴትየዋ ንጹሕ ናት ማለት አልችልም። ማለት የምችለው አናውቅም ብቻ ነው። ያን ቃል ደግሞ ማንም ከእኛ አልጠየቀም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አለቃችን ከክበቡ ተመለሰ። ሦስቱን መስታወቶች ይዤ ቢሮው ገባሁና ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«የአንቺ ደም ነው ይሄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጠዋት ስልክ ደውያለሁ እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«ብልቃጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አቁመው አጨብጭበውልኛል። አሁን ቆሜ ብልቃጡ ዋሸ ልበል? እስከ ዛሬ የላክነውስ ሁሉ?» ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። «ነገ ጠዋት ጥርሴን ልታይ ቀጠሮ አለኝ። አረፋፍጄ ነው የምመጣው። ጽሑፉን ስመለስ እናየዋለን።»

«ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚሰበሰበው።»

«አውቃለሁ» አለና በሩን ለእኔ ከፍቶ ጠበቀኝ። መስታወቶቹን አልተቀበለኝም፤ ተያቸውም አላለኝም። እየከለከለኝ ይሁን እየፈቀደልኝ ዛሬም ድረስ አላወቅኩም።

ወደ ሸጎሌ በእግሬ ወጣሁ። የማማክረው ሰው ባገኝ ብዬ በሐሳቤ የማውቃቸውን ሁሉ ቆጠርኩ፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በየክፍለ ሀገሩ ተበትነዋል፣ እናቴ ስልክ የላትም። ባልቴቷ አከራዬ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ዛሬ አመሸሽ ልጄ» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰው የማያውቀውን ነገር አላውቅም ቢል ያስቀጣዋል?» አልኳቸው።

እንዝርታቸውን አቆሙና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ማን ፊት ነው የምትዪው?»

«ብዙ ሰው ፊት።»

«እንግዲያ ነጠላሽን በወጉ ልበሺና ሂጂ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። እራታቸውን አካፈሉኝ። በልቻለሁ አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት በሬዎቹ ሳያልፉ ተነሳሁ። መስታወቶቹ ዱቄታቸው እንዳይነካ እያንዳንዳቸውን በካርቶን መሐል አድርጌ በሻሽ አሰርኳቸው። አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ ሳገኝ እንኳ አልተቀመጥኩም፤ ደረቴ ላይ እንዳቀፍኳቸው ቆሜ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ስደርስ ኮሚቴው ገና መግባቱ ነው። በሩን አንኳኳሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ሰዎች፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ነርሷ ብቻዋን። ካኪ ለባሹ ሰብሳቢ አወቀኝ።

«ጽሑፉን ራስሽ አመጣሽልን? በርቺ!»

«ጽሑፍ አይደለም» አልኩ። ሻሹን ፈትቼ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ይህ የእኔ ደም ነው። እኔ ፔቲዲን ወስጄ አላውቅም። ነጠብጣቡን ግን ተመልከቱት።»

«እንዴ! ኬሚስቶቹም ትወጋላችሁ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ጎማ ክዳኑ፣ ስለ ፕሮኬይኑ፣ ስለ ቢጫው ነገርኳቸው። ሰብሳቢው መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየ።

«በአጭሩ ወስዳለች ነው አልወሰደችም የምትዪው?»

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። የምትጠብቀውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ብናገረው ደስ ባለኝ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ።

«ሌላ ደም እንቅዳና መርምሪው» አለ ሰብሳቢው።

«ጊዜው አልፏል። ኖሮ ቢሆን እንኳ እስካሁን ከደሟ ወጥቷል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ብልቃጥ የመጣ ደም በማንም ላይ ማስረጃ አይሆንም። ትናንት በስልክ የተነገራችሁ ልክ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው መስታወቱን በቀስታ አስቀመጠው። በስተቀኙ ለተቀመጠው ጸሐፊ «ይሄን ጻፍ» አለውና ወደ እኔ ዞረ። «ዝግ ብለሽ ድገሚለት።»

ወደ ነርሷ ሳልመለከት፣ «አላውቅም» ካልኩት ጀምሬ ቃል በቃል ደገምኩለት።